ትንሽ ጀልባ ላይ ቦታ አጠረኝ፣ መቀመጫውን ልቅደደው ወይ?

የጣናው
ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር ነኝ፣ ከአጎቴ ጋር አሳ እናወጣለን፣ ጀልባችን ፋይበር ነው 5 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ሞተሩ 15 ፈረስ። ችግራችን ቦታ ነው። 4 ማዳበሪያ መረብ፣ የቤንዚን ጀሪካን፣ የበረዶ ሳጥን፣ መልህቅ ከነገመዱ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ምሳና ጋቢያችን ሁሉም እግራችን ስር ነው የሚተራመሰው፣ ባለፈው ሳምንት አጎቴ መረብ ሲስቡ የመልህቁ ገመድ እግራቸውን ጠልፏቸው ውሃ ሊገቡ ለጥቂት ነው የተረፉት። በዛ ላይ አሳው ቤንዚን ቤንዚን ይላል ብላ ደንበኛችን 6 ኪሎ ቆሮሶ መለሰችብን። አሁን ያሰብኩት መሃል ያሉት ሁለቱ መቀመጫዎች ዙሪያቸው ዝግ ሳጥን ናቸው፣ ሲንኳኩ ባዶ ይመስላሉ፣ በግራይንደር ቀድጄ በር ላወጣላቸው ነው። የሞከረ አለ?

ሐይቅ ዳር
ኧረ ቆይ ወንድሜ ግራይንደሩን አስቀምጥ!! እሱ ባዶ ቦታ ሳይሆን ጀልባህን የሚያንሳፍፍልህ ነገር ነው። ውስጡ ፎም ወይም የታፈነ አየር ነው ያለው፣ 1 ሊትር የታፈነ አየር ወደ 1 ኪሎ ይሸከማል ብለህ አስበው፣ ሁለቱ መቀመጫ ተደምሮ 200 ሊትር ቢሆን 200 ኪሎ ገደማ ነው። ሐዋሳ ላይ እኛን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶ ማዕበሉ ከኋላ በሞተሩ በኩል ገባብን፣ ጀልባው እስከ አፉ ሞላ ግን አልሰጠመም፣ ወገባችን ድረስ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለን በሳፋ ስንቀዳ ቆይተን ወጣን። መቀመጫው ተቀዶ ቢሆን ይሄን አልጽፍልህም ነበር። ለገመዱ ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካን አንገቱን ቁረጥና የገመዱን ጫፍ መጀመሪያ ጀልባው ላይ እሰር፣ ከዛ ዙር በዙር ጀሪካኑ ውስጥ አስገባው መልህቁ ከላይ ይቀመጥ። ስትጥለው ራሱ እየተፈታ ይወጣል፣ እግር የሚጠልፍ የለም።

ጎርጎሬ
በመቀመጫው እስማማለሁ። ቤንዚኑን ኋላ ሞተሩ ጋ በራሱ ሳፋ ውስጥ አድርገው፣ ቢንጠባጠብም ሳፋው ላይ ይቀራል። አሳውና በረዶው መሃል ዝቅ ብሎ ይሁን፣ ከባድ ነገር አፍንጫው ላይ ከጫንክ ጀልባው ማዕበሉን እየቆፈረ ነው የሚሄደው። አፍንጫው ስር ጋቢና ምሳ ብቻ፣ ላይፍ ጃኬት ግን የትም አይታጨቅ ልበሱት። አሁን ወደ መረቡ ልምጣ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ቦታህን የሚበላው እሱ ነው። ዝም ብለህ ማዳበሪያ ውስጥ የምትጠቀጥቀው ከሆነ እጥፍ ቦታ ይይዛል ስትጥለውም ይተበተባል። ስታነሳው የሚያንሳፍፈውን ቡሽ በአንድ በኩል ክብደት የሚሆነውን እርሳስ በሌላ በኩል አድርገህ እያጠፍክ ሳፋ ውስጥ ደርድረው፣ እምቦጩንም እዛው ውሃ ላይ እያለህ አራግፈው፣ ስንት ማዳበሪያ እምቦጭ ነው ይዘን የምንገባው ሆ! ወለሉ ላይ ደግሞ ከጣውላ 5 ሳንቲም ከፍ ያለ ርብራብ ሥራ፣ ውሃው ከስር ይሄዳል አሳውም እቃውም አይዘፈዘፍም።

ዘ ሚኔሶታ
እኔ 14 ጫማ አልሙኒየም ነው ያለኝ ለመዝናኛ ነው ግን ቦታው ያው ጠባብ ነው። እዚህ አሜሪካ ከ20 ጫማ በታች ባለሞተር ጀልባ የሚሠራ ሰው ውሃ ቢሞላውም የሚያንሳፍፍ ነገር እንዲያስገባበት ህግ ያስገድደዋል፣ አብዛኛው መቀመጫ ስር ነው ያለው፣ ስለዚህ አትንካው። መቅዘፊያውን ጎኑ ላይ በላስቲክ እሰረው። የበረዶ ሳጥኑን ደግሞ ክዳኑን በኮምፔርሳቶ አጠንክረህ ራሱን መቀመጫ አድርገው። የአሳውን አንጀት አውጥተህ ከደረደርከው ብዙ ቦታ ይተርፍሃል፣ በሙቀት አገር ለ1 ኪሎ አሳ 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ያዝ፣ አንድ ረድፍ በረዶ አንድ ረድፍ አሳ፣ ከስር ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ አትርሳ።

የጣናው
እግዜር ይስጥልን። ዛሬ ጀልባውን ወደብ ላይ አውጥተን ሁሉንም እቃ አወረድን። መቀመጫው ስር ቀዳዳ የሚደፍን ትንሽ ቡሽ አገኘሁ፣ ብነቅለው ግማሽ ባልዲ የሸተተ ውሃ ወጣ! ለካ እሱን ተሸክመን ነው የምንዞረው። በተረፈ አንድ የበሰበሰ መረብ፣ ሦስት ያረጀ ካንዴላ እና የአጎቴ የከሰል ምድጃ ከነጀበናው።

ሐይቅ ዳር
ውሃው በስንጥቅ ነው የገባው፣ ቡሹን ነቅለህ ፀሐይ ላይ ይክረም፣ ከዛ ስንጥቁን ፈልገህ በፋይበር ድፈነው። ግን የከሰል ምድጃ?? ከቤንዚን ጋር??

የጣናው
እሱን አንስቼላቸው ነበር፣ አሁን ጭቅጭቅ ላይ ነን።