ፍሊክ ፍላክ ስታሠሩ ልጁን ስንት ነገር ነው የምትነግሩት?

አባይ ማዶ፦
እንዴት ናችሁ? ባህር ዳር ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጣና ዳር ሣር ላይ የሰፈር ልጆችን ጅምናስቲክ አሠራለሁ (ረፈድ ካለ በተመልካች ብዛት አይሠራም)። አንዷ ልጅ ራውንድ ኦፏ (በእጅ ተደግፎ በጎን ተገልብጦ በሁለት እግር አንድ ላይ ማረፍ) ንጹሕ ነው። ፍሊክ ፍላክ (ወደ ኋላ ዘሎ በእጅ አርፎ በእግር መቆም) ላይ ግን ጉልበቷ ወደ ፊት ይወጣል፣ ጭንቅላቷን ትጥላለች፣ ክንዷ ይታጠፋል። "ክንድሽን ዘርጊ! ጉልበት! ቀና!" እያልኩ በጮህኩ ቁጥር ይብስባታል። ዝም ልበላት?

የድሮ ሰርከስ፦
ዝም አትበል፣ ቀንስ። መገልበጡ እኮ ቅጽበት ነው፤ ሦስት ትእዛዝ የት ታስቀምጠው? ደግሞ ክንዱ መዘዝ እንጂ ምክንያት አይደለም። ጉልበቷ ከእግር ጣቷ አልፎ ሲወጣ ዝላዩ ያጥራል፣ እጇ እግሯ አጠገብ ይወርዳል፣ ክብደቷ ሲጫነው ይታጠፋል። ስለ ክንድ ጭራሽ አታንሳ። "ከኋላሽ ወንበር አለ፣ ልትቀመጪበት ነው" በላት፤ ወደ ኋላ ስታጋድል "መሬቱን ግፊው!" በቃ።

ሐሳቧን ከአካሏ ውጭ ማድረግ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጋብሪዬለ ዉልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በስኪ መለማመጃ ማሽን ላይ ከእግራቸው ይልቅ የማሽኑን ጎማ እንዲያስቡ የተነገራቸው የተሻለ ተምረዋል።

ካረፈች በኋላም አትቅደማት። እጇን አራግፋ ትነሣ፣ ራሷ ታስበው፣ ከዚያ ጠይቃት።

ሽምብጥ፦
ቪዲዮ ቅረጽና አሳያት፣ አለቀ።

የስፖርት መምህርት፦
ወንበሩን ወድጄዋለሁ። "ቀንስ" የሚለው ላይ ግን ቆይ ወንድሜ። ዊንስታይንና ሽሚት እ.ኤ.አ. በ1990 ከሙከራዎቹ በግማሹ ላይ ብቻ አስተያየት ያገኙት በኋላ ሲፈተኑ እንደተሻሉ አሳይተዋል፤ ሥራው ግን ቀላል የክንድ እንቅስቃሴ ነበር። ለጀማሪ ከየሙከራው በኋላ አንድ ነገር ብትነግራት አይከፋም፤ ሲይዝላት ትቀንሳለህ። ደግሞ ወገቧን ሳትደግፍ የምን ቃል ነው? በባዶ ሣር ላይ ፍሊክ ፍላክ አልወደድኩትም።

አባይ ማዶ፦
ፍራሽ አለን እህቴ፣ ስስ ቢሆንም። እደግፋታለሁም። ጋሼ፣ ችግሩ "ምን ተሰማሽ?" ስላት "እንጃ" ነው መልሷ።

የድሮ ሰርከስ፦
ጥያቄው ሰፍቶባት ነው። ጫማህን አውልቅና ከፍራሹ ጎን አስቀምጥ፤ "እጅሽ ያረፈው ከጫማው ወዲህ ነው ወዲያ?" በላት። ወዲያ ሲያርፍም "ጎበዝ" ብለህ አትለፍ፤ "አሁን ራቀልሽ" በላት።