ንጉሥ ኢዛና ስለምን «የአሬስ ልጅ» ተባለ?

የታሪክ መምህር፦
ክቡራን የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አክሱም ጥንታዊ አማልክት ሳስተምር፣ ንጉሥ ኢዛና በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ ያስቀረጸውን ድንጋይ አነሣሁ። በግእዙ ንጉሡ የአክሱማውያን የጦርነት አምላክ የማሕረም ልጅ ሲሆን በግሪክኛው የአሬስ ልጅ ይባላል። አንዲት ተማሪዬ «እንግዲያው አክሱማውያን የግሪክን አማልክት ያመልኩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የሚያጠግብ መልስ ስላልነበረኝ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቀጠርኳት። ምን ብዬ ላስረዳት?

የግእዝ ተማሪ፦
መምህር፣ ተማሪዎ ዋናውን ነገር ነክታለች። አሬስ እዚህ ላይ የትርጉም ቃል ነው እንጂ ከግሪክ የመጣ አምልኮ አይደለም። በዚያን ጊዜ ግሪክኛ የቀይ ባሕር ንግድ መግባቢያ ስለነበር፣ ጸሐፊው ማሕረም የሚለውን ስም እንዳለ ቢተወው ባዕዱ አንባቢ የማን ስም እንደሆነ ባልገባው ነበር፤ ስለዚህ ግሪኮች ለጦርነት አምላካቸው የሚሰጡትን ስም ተጠቀመ። ግሪኮች ራሳቸውም የግብጹን አሙን ዜውስ፣ ቶትን ደግሞ ሄርሜስ ይሉ ነበር።

ሆኖም ሁለቱ አማልክት በሁሉም ነገር አይመሳሰሉም፤ ለተማሪዎችዎ አጥብቀው ቢነግሯቸው ደስ የሚለኝ ይህን ነው። አሬስ በግሪኮች ተረት አባቱ ዜውስ እንኳ የሚጠላው ደም የተጠማ አምላክ ነው። ማሕረም ግን የነገሥታቱ አባትና የሥልጣናቸው ምንጭ ነው፤ ኢዛና ራሱን «ወልደ ማሕረም ዘኢይትመዋእ ለፀር»፣ ማለትም ጠላት የማያሸንፈው የማሕረም ልጅ፣ ብሎ ይጠራል። ከቤጃው ዘመቻ በኋላም አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስል አቁሞለታል። ስሙን «ሐረመ» ከሚለው ግስ ጋር የሚያዛምዱ አሉ፤ ዛሬ «እርም» የምንለው ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ነው።

የአዱሊስ ወዳጅ፦
በዚህ ላይ በአክሱም የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ የነበረውን፣ ጽሑፍ የተቀረጸበትን የድንጋይ ዙፋን ልጨምር። ድንጋዩ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉ የተረፈልን ቆስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ካሌብ ወደ ሂምያር (በዛሬዋ የመን ወደነበረው መንግሥት) ለመዝመት በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ስለገለበጠው ነው። ስሙ ያልተረፈው የአክሱም ንጉሥ በዚያ በግሪክኛ ሲናገር ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን ይገልጻል። አሬስ ማሕረም ከሆነ፣ ከሌሎቹ የአክሱም አማልክት ዜውስ ዐስተር፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ደግሞ ብሔር መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

የግእዝ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ስለ ዐስተር ብዙዎች ይስማሙልዎታል። በባቢሎን ኢሽታር ሴት አምላክ ስትሆን በደቡብ ዐረብና በአክሱም ግን ያው ስም የወንድ አምላክ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በብሔር ላይ ግን እንጠንቀቅ። «ብሔር» እና «ባሕር» በግእዝ ተነባቢዎቻቸው አንድ ስለሆኑ፣ አናባቢ በማይጽፍ የጥንት ጽሑፍ ውስጥ የትኛው እንደታሰበ መለየት ያስቸግራል። አናባቢ የተጻፈበት የኢዛና ጽሑፍ ግን ዐስተርን፣ ብሔርንና ምድርን አከታትሎ ያነሣል፤ «ብሔር» በግእዝ አገር ማለት በመሆኑ ከምድር አጠገብ መቀመጡ ለእኔ ባሕርን ሳይሆን የብስን ያመለክታል። ይህን ይዘው «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ከጣዖት መጣ የሚሉም ያጋጥማሉ፤ ቃሉ «የአገር ጌታ» ማለት ስለሆነ እንዲህ ያለ መደምደሚያ አያስፈልገውም።

መምህር፣ ለክፍልዎ የሳንቲሞቹን ሥዕል ይዘው ይግቡ። በኢዛና የቀደሙት ሳንቲሞች ላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ይታያሉ፤ በኋለኞቹ ላይ ቦታውን መስቀል ይዞታል። በድንጋዮቹም ላይ ማሕረም ይቀርና ንጉሡ ድሉን ለ«እግዚአ ሰማይ» ይሰጣል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በአክሱም በተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ይናገራል። አሬስ የሚለው ስም በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም።