ለሁለት መኪና የሚሆን ፐርጎላ፦ መሀሉ ላይ ቋሚ ሳይኖር ይቻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና እባካችሁ እርዱኝ። ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስቆም፣ ከቤቱ ጋር የማይያያዝ 6 ሜትር በ6 ሜትር ፐርጎላ (ቋሚና አግዳሚ ብቻ ያለው፣ ላዩ ክፍት የሆነ ጥላ) ላሠራ ነው። ቋሚዎቹ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ መሀል ላይ ካለ የመኪና በር እንደልብ አይከፈትም። ግን 6 ሜትር ያለ ድጋፍ የተዘረጋ እንጨት በጊዜ ብዛት መሀሉ ይጎብጣል። ስለዚህ ወደ ብረት አዘንብያለሁ። ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው ባለአራት ማዕዘን ብረት) ስንት በስንት ይሁን?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ንፋስ ነው። የሚደግፈው ግድግዳ የለም። ቋሚና አግዳሚው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሰያፍ ብረት ማስበየድ ይበቃል? ወይስ ቋሚዎቹ ኮንክሪት ውስጥ ይቀበሩ? ከተቀበሩ ደግሞ ብረቱ ከኮንክሪቱ በሚወጣበት ቦታ ውሃ እየቋጠረ እንዳይዝግ እሰጋለሁ። ወደፊት ቆርቆሮ ላለብሰው ብል ንፋሱ ከስር ያነሳዋልና መሠረቱን ከአሁኑ ላክብደው? የሠራችሁ ካላችሁ የተጠቀማችሁትን ልክ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።