ሦስት ጉዳይ አንድ ላይ መጣብኝ፤ አንድ ጠበቃ ይበቃል?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

አባቴ ካረፈ ዛሬ 33 ቀኑ ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ መንገድ ዳር ቤት አለን። ከፊት ለፊቱ ሁለት የሚከራዩ ሱቆች አሉ፣ ከጓሮ ደግሞ ወፍጮ ቤት። ካርታው፣ ንግድ ፈቃዱ፣ የመብራት ቆጣሪው ሁሉ በአባቴ ስም ነው። ከዚህ ሌላ ባሶና ወራና ውስጥ የገብስና የባቄላ መሬት አለው፤ የአጎቴ ልጅ ነው በእኩል የሚያርሰው። ልጆች አራት ነን። ታላቅ ወንድማችን ከአባባ ጋር ወፍጮው ላይ ስምንት ዓመት ሠርቷል። እህታችን ዱባይ ናት፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ትንሹ ገና ዩኒቨርሲቲ ነው። እናታችን በሕይወት አለች።

አሁን የገጠመን እንዲህ ነው። ገና ድንኳኑ ሳይነሳ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። መንገዱ ስለሚሰፋ አጥሩና ሁለቱ ሱቆች ይነሳሉ፣ ካሳውም ይህን ያህል ነው ይላል። እናቴ ፈርማ ተቀበለችና የአባባ ዳዊት ውስጥ ከተተችው። እኔ ያየሁት ከትናንት ወዲያ ነው። ግምቱ የብሎኬቱን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም።

ወንድሜ ደግሞ «ወፍጮው የኔ ነው፣ አባባ ሆስፒታል ተኝቶ በቃሉ ሰጥቶኛል» ይላል። ሁለት ሰው ሰምቷል አለ። እህቴ ከዱባይ ስትደውል የምትለው «ቤቱንም የገጠሩንም መሬት ሽጡና እንካፈል» ነው። እናቴ አርባው ይለፍና ቁጭ ብለን እንነጋገራለን ትላለች።

እዚህ አንድ ጠበቃ አነጋግሬ «ከጠቅላላው ሀብት ከመቶ አሥር» አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ የጥብቅና ድርጅት ይሻላል ትላለች፤ ለንግዱ አንድ ሰው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሰው፣ ለቤተሰቡ አንድ ሰው አላቸው አለች። የሠፈር ሽማግሌዎች «ጠበቃ ምን ያደርጋል፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?


የበግ ተራው፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሕግ አልተማርኩም። የማውቀው በራሴ የደረሰውን ነው። ከዓመታት በፊት መጋዘን የገዛሁት በመንደር ውል ነው። ሦስት ምስክር ፈረመ፣ ቡና ተጠጣ፣ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ሻጩ ሲሞት ልጆቹ «አናውቅህም» አሉኝ። ፍርድ ቤት ስሄድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍርድ ቤት ወይም ውል እንዲያዋውል ሥልጣን በተሰጠው ፊት ካልተደረገ ችግር አለው ተባልኩ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ 1723 የሚባለውን ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። የወረቀቱ ነገር ይታሰብበት። በቃል ተሰጠኝ የሚለውን እንደሰማሽ አትቀበዪ፣ ደግሞም ወንድምሽን አትጣዪው።


ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ክስና አቤቱታ ስቀበል 26 ዓመት ኖሬአለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ የምነግርሽን ጠበቃ ፊት አስመርምሪው።

የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺን ያስጨነቀሽ ወንድምሽ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ዳዊት ውስጥ ያለው ደብዳቤ ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበትና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ 1161/2011 ትዕዛዙ የደረሰው ሰው ቅሬታ ካለው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቅርብ ይላል። እስቲ ቁጠሪ። ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን ደረሳችሁ፤ ሠላሳው የሚሞላው አባትሽ ባረፈ በ39ኛው ቀን ነው። እናትሽ «አርባው ይለፍ» ብለዋል። አርባው ሲደርስ ጊዜው በአንድ ቀን አልፏል። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሰው ሐዘኑን ሲያከብር ቀኑ ያመልጠዋል፣ ከዚያ ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ መስኮቴ ላይ መጥቶ ያለቅሳል። ወንድምሽ ነገም ወንድምሽ ነው፣ ክርክሩ ይጠብቃል። ያ ቀን ግን አይጠብቅም። ዛሬ 24ኛ ቀንሽ ላይ ነሽ።

«ማን ይፈርማል?» ትዪኝ ይሆናል። ደብዳቤው በሟች ስም ነው፣ የወራሽነት ማስረጃ ገና አላወጣችሁም፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ ቀጠሮ አለ። እዚህ ላይ ነው ሦስቱ ጉዳይሽ አንድ የሚሆነው። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ከሆነ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የክልላችንም የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995፣ የሚሄደው በዚሁ ነው። ስለዚህ እናትሽ በራሳቸው መብት፣ እንደ ባለ ይዞታ፣ አቤቱታውን ፈርመው ያስገቡ። ወራሾቹ ማስረጃቸውን ሲያወጡ ይቀጥላሉ። የጋብቻ ማስረጃቸውን፣ የካርታውን ኮፒና የደብዳቤውን ኮፒ አያይዙ። በሁለት ቅጂ ያስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። «ነገ ተመለሱ» ቢሏችሁ «የተቀበላችሁበትን ቀን ብቻ ጻፉልን» በሉ፣ አትቆጡ። የሚያስመታው ቁጣ አይደለም፤ ሳይሰለቹ መስኮቱ ላይ መቆም ነው። ጋቢ ያዙ፣ ጠዋት የኮሪደሩ ብርድ አይቻልም።

አቤቱታው ላይ «ካሳው አነሰ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። እንደዚያ ዓይነት ስንት አይቻለሁ፣ ሁሉም ነው የሚያንሰው። ካሳ የሚሰላው በቦታው ያለውን ንብረት ዛሬ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። ስለዚህ የብሎኬት፣ የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የእጅ ዋጋ አሁን ስንት እንደሆነ በባለሙያ አሠርታችሁ አያይዙ። ሱቆቹ ከመነካታቸው በፊት በሜትር ለኩና ፎቶ አንሱ። የኪራይ ውሉንና ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝም ፈልጉ።

አሁን ወደ ወንድምሽ። በሕጋችን የቃል ኑዛዜ የሚባል አለ፣ የለም አይባልም። ግን በቃል ሊደረግ የሚችለው ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ የወፍጮ ቺንጋ እንኳ አይገዛም። ሁለት ሰው ሰማ አልሰማ፣ ወፍጮው በዚያ መንገድ የእሱ አይሆንም። ሆኖም ስምንት ዓመት ዱቄት ሲያቦን የኖረ ልጅ ቅሬታው ከባዶ የመጣ አይደለም። ሽማግሌ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ክፍፍሉ ሲደረግ ወፍጮው በእሱ ድርሻ እንዲገባ፣ ልዩነቱን ለእናንተ እንዲሞላ መስማማት ትችላላችሁ። የተስማማችሁትን ግን በጽሑፍ አድርጉት፤ የበግ ተራው የነገረሽን አትርሺ።

አንድ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባልና ሚስት አይወራረሱም። እናትሽ የአባትሽ ወራሽ አይደሉም። ነገር ግን የጋራው ሀብት ግማሽ ከመጀመሪያውም የራሳቸው ነው። መጀመሪያ የእሳቸው ግማሽ ይወጣል፣ ከዚያ ቀሪው ለአራት ይካፈላል። ይህ ሳይለይ «ለአምስት እንካፈል» ብለው በዕርቅ የፈረሙ፣ በኋላም እናታቸውን ከቤት ያስወጡ ልጆች አይቻለሁ።

ለእህትሽ ንገሪያት፤ የገጠር መሬት አይሸጥም። የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፤ እሱም በክልሉ አዋጅ 252/2009 እና በወረዳው መሬት አስተዳደር በኩል የሚሄድ ነው። ከከተማው ቤት ጋር በአንድ አቤቱታ አትደባልቁት። እሷም ከዱባይ ውክልና በቆንስላው በኩል ትላክ። ክፍፍል ላይ እንድትፈርሙላት ከፈለገች ይህንኑ በግልጽ ታስጽፍ፤ «በማንኛውም ጉዳይ ወክዬአለሁ» የሚል ጥቅል ቃል ለመሸጥና ለመለወጥ አይበቃም።

ስለ ጠበቃው የጠየቅሽውን ወጣቶቹ ቢመልሱልሽ ይሻላል። እኔ የምለው፣ መዝገቡ ሦስት ይሁን፣ ሦስቱን አንድ ላይ የሚያይ አንድ ጭንቅላት ግን ይኑር። የማዘጋጃ ቤቱን ጉዳይ የያዘው ሰው የቤተሰብ ሕጉን ካላወቀ እናትሽ መፈረም እንደሚችሉ አያስታውስሽም።


ጠበቃው ከሸዋ ሮቢት፦

ጋሼ ሬጅስትራር አብዛኛውን ጨርሰውታል፤ የጎደለውን ልሙላ።

«ከጠቅላላው ሀብት ከመቶ አሥር» ያለሽን ጠበቃ «ጠቅላላው» ማለት ምን እንደሆነ ጠይቂው። የእናትሽን ግማሽ ይጨምራል? እሷ ለመከላከል የማያስፈልጋትን ድርሻ ለምን በመቶኛ ትከፍላለች? ለካሳው ልዩነት ብቻ መቶኛ፣ ለወራሽነት ማስረጃው ደግሞ ቁርጥ ክፍያ ብሎ መስማማት ይቻላል። የጥብቅና ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ጉዳይ፣ እስከየትኛው ፍርድ ቤት፣ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ይግባኝ ተካቷል ወይ የሚለውን ጠይቀሽ ፈርሚ፤ ኋላ ላይ ከጠበቃ ጋር የሚያጣላው ይህ ነው።

ስለ ድርጅት፤ ጠበቆች በድርጅት ሆነው እንዲሠሩ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው በአዋጅ 1249/2013 ነው፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ በስሙ ነበር የሚሠራው። እዚህ አካባቢ ታፔላው ላይ ሁለት ሦስት ስም ብታዪ ብዙ ጊዜ ቢሮ የተጋሩ ናቸው፤ ሲጠቅምም አይቻለሁ፣ አንዱ ችሎት ላይ ሲሆን ሌላው መዝገብ ያስከፍታል። የአዲስ አበባው ድርጅት ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን ጉዳይሽ የሚታየው እዚህ ወረዳና ዞን ፍርድ ቤት ነው። የሚቆመው ጠበቃ የክልሉ ፍትሕ ቢሮ የሰጠው ፈቃድ እንዳለው፣ ዘንድሮ እንደታደሰም ጠይቂ፤ ማሳየት የማይፈልግ ጠበቃ ካለ ሌላ ፈልጊ። 130 ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ ቀጠሮ የሚያስቀይር ጠበቃ ደግሞ ትርፉ ድካም ነው።

ሌላው፣ አንድ ጠበቃ አንቺንም ወንድምሽንም ሊወክል አይችልም፣ ከተካሰሳችሁ። ከተስማማችሁ ግን የሁላችሁን የክፍፍል ስምምነት ሊያረቅ ይችላል። ስለዚህ ወንድምሽን ቀድመሽ አነጋግሪው፤ የጠበቃ ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ማነጋገር ይከብዳል።

ወፍጮው ከማንም ድርሻ ቢገባ በሟች ስም ፈቃድ መፍጨቱን አትቀጥሉ። ንግድና ገቢዎች ቢሮ ሄዳችሁ መሞቱን አሳውቁ፣ የቆየ ግብር ካለ እወቁ፤ ዕዳውም ከውርሱ ጋር ነው የሚመጣው። ወንድምሽ ለብቻው ከያዘው፣ በ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ ድሮ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ወንድም እህት በወረቀት ብቻ አባል ይሆን ነበር፣ ብዙ ጭቅጭቅ የመጣው ከዚያ ነው። ለአንድ ወፍጮ ግን በግል ንግድ ፈቃድ ቢሠራም አይጎዳም፤ ማኅበር ወጪ አለው።


የጠባሴዋ፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ሌሊት ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ጥያቄ፤ የእናቴና የአባቴ ጋብቻ በሰማንያ ነው፣ በሽማግሌ ፊት፤ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት የላቸውም። ምን እናያይዝ?


ጡረተኛው ሬጅስትራር፦

ሰማንያው ራሱ ማስረጃ ነው፣ ወረቀቱ ካለ አያይዙት። ከጠፋ ከቀበሌ ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡ፤ ሙግት ከመጣ በምስክር ይጠናከራል። ለአሁኑ ግን ወረቀት ሙሉ እስኪሆን ብላችሁ አትቆዩ፤ «የሚጎድለውን ማስረጃ እናቀርባለን» ብላችሁ አስገቡ። የአባትሽን ሞት ወሳኝ ኩነት አስመዝግባችኋል? እሱም 30 ቀን ነበር፣ አልፏችኋል፣ ግን ዘግይቶም ይመዘገባል። ያለ ሞት የምስክር ወረቀት የወራሽነት መዝገብ አይከፈትላችሁም።


የጠባሴዋ፦

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። ትናንት፣ በ27ኛው ቀን፣ እናቴና እኔ ሄድን። ሰማንያው ተገኘ፤ የት? እዚያው ዳዊት ውስጥ፣ በሌላ ገጽ። የመስኮቱ ልጅ መጀመሪያ «ሟቹ ራሱ ነው የሚያመለክተው» አለን። እናቴ አልተናገረችም፣ ሰማንያውን ብቻ አስቀመጠችለት። ለኃላፊው አሳየና ተመለሰ። ማኅተሙን መታልን።

አቤቱታውን ያረቀቀልን እዚሁ ያለ ጠበቃ ነው፣ ፈቃዱን አሳይቶኛል፣ ለዚህ ብቻ ቁርጥ ክፍያ ተስማማን። ከመቶ አሥር ያለኝ አይደለም። አንድ መሐንዲስ ለሱቆቹ የዋጋ ዝርዝር ሠራልን፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ግምት ጋር ሳስተያየው ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ወንድሜ እስካሁን አያናግረኝም። ግን ሱቆቹን ለመለካት ስንሄድ ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ያዘልን። አንድ ቃል አልተናገረም። እናቴ ሁላችንንም ለአርባው ጠርታለች፤ ወንድሜም እመጣለሁ ብሎ ለትንሹ ልኳል።