የ1985ቱ ሪፈረንደም፦ ወደቡና ብሩ ቀድመው መቋጨት ነበረባቸው?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የአሰብ ወደብ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ሰው ወደ ሚያዝያ 1985 ይሮጣል። ዛሬ እሱን እንያዝ። ኤርትራውያን ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ድምፅ ሰጡ። 99.8 በመቶው «እወ» (አዎ) አለ፤ ግንቦት 16 ነፃነት ታወጀ። «መገንጠላቸው ልክ ነው ወይ» የሚለውን አላነሳም፤ እሱ ከተጀመረ አያልቅም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ወደብ፣ ገንዘብና ዜግነት ከድምፁ በፊት በወረቀት ማለቅ አልነበረባቸውም?

የስድስት ኪሎው፦ «ነፃነት ወይስ ባርነት» ተብሎ የተጠየቀ ሕዝብ ምን ይመልስ? ምን ወረቀት አለው! እኛንማ የጠየቀን የለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በነበሩ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 1985፣ ተማሪው ተቃውሞ ሰልፍ ወጣ። መልሱ ጥይት ነበር።

የአባሻውል ልጅ፦ ወንድሜ፣ ይቺን «ባርነት» ከየት እንደምታመጧት አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የነበረው «ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ?» ነው። ጉድለት ካሻህ እኔ ልንገርህ፤ ፌዴሬሽን የሚል ምርጫ አልነበረም። ግን ፌዴሬሽኑን በ1955 ያፈረሰው ማን ነበር?

ባለ ተሳቢው፦ ልጆች፣ እኔ ፖለቲካ አልችልም። አሰብ መንገድ ላይ ግን ኖሬበታለሁ። ከሪፈረንደሙ በኋላ ለእኛ ለሾፌሮች ምን ተለወጠ? ሚሌን፣ ኤሊዳርን፣ ቡሬን አልፈህ አሰብ ትገባለህ። ሸሚዝህን አውልቀህ ጥላ ትፈልጋለህ። ምሳህን በብር ትከፍላለህ፣ ጭነህ ትመለሳለህ። እንዲያ አምስት ዓመት ሠራን። ስምምነትማ ነበር!

አወያይ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ለኢትዮጵያ አሰብ ነፃ ወደብ ነበር፤ ብርም በሁለቱ አገር ይሠራ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ስምምነቱ የቆመበት ነገር ነው። ሁለት የትግል ጓዶች ተዋደው ነው ያጸኑት። ሲጣሉስ?

ሒሳብ ሹሙ፦ ሲጣሉማ አየነው። በ1990 መጀመሪያ የኤርትራ የራሷ ገንዘብ፣ ናቅፋ፣ ወጣ። አስመራ «አንድ ለአንድ ይመንዘር፣ ሁለቱም ገንዘብ በሁለቱም አገር ይሥራ» አለች። አዲስ አበባ የብሩን ኖት ቀየረችና «ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና)፣ በዶላር» አለች። የጤፍ ነጋዴ ኤልሲ ሊከፍት ባንክ ሲሰለፍ ይታያችሁ! በዚያው ዓመት ግንቦት ባድመ ላይ ጦርነት ተነሳ። ናቅፋ ብቻውን አመጣው አልልም። ግን ያ ጠብ ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር።

ከኤድንብራ፦ እኔ እዚህ በመስከረም 2007 ድምፅ ሰጥቻለሁ። ስኮትላንድ ከዩናይትድ ኪንግደም ትለይ አትለይ ነበር ጉዳዩ። ሥራ ቦታ፣ ቡና ቤት፣ አውቶቡስ ላይ ወሬው ፓውንድ ነው። ለንደን ከድምፁ ሰባት ወር ቀድማ «ብትለዩ ፓውንዱን አንጋራም» አለች። ብዙ ሰው ጡረታውን አሰላ። 55 ለ45 አይሆንም ተባለ።

የአባሻውል ልጅ፦ እህቴ፣ እነሱ ከሻይ ቤት ተነስተው ነው ምርጫ ጣቢያ የገቡት። እኛ ከ30 ዓመት ጦርነት። ልጇን ለቀበረች እናት «ቆይ፣ መጀመሪያ የወደብ ኪራይ እንስማማ» ማን ይላታል?

ሒሳብ ሹሙ፦ እናትየዋን ማንም አይላት። መሪዎቹ ግን ሥራቸው ነበር። ደቡብ ሱዳንም ከጦርነት ነው የወጣችው። ጥር 2003 ላይ ወደ 99 በመቶው ለመገንጠል ድምፅ ሰጠ፤ በሱዳን የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ኪራይ ግን አልተቋጨም። ካርቱም በበርሜል 36 ዶላር ስትል ጁባ ከአንድ ዶላር በታች አለች። ነፃ በወጡ በሰባተኛው ወር ጁባ ነዳጇን ራሷ ዘጋች። ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ።

የሰንጋ ተራዋ፦ ዜግነቱን ረሳችሁት። ጎረቤታችን አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። በ1985 እዚሁ ድምፅ ሰጥታ ስትመጣ ቡና አፈላን። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነበር። «ይሄ ድምፅ ዜግነት ያስቀይራል» ያላት ሰው የለም። በ1990 ክረምት በሌሊት ወስደው ወደ ኤርትራ አባረሯት። ኤርትራዊት ነሽ፣ ድምፅ ሰጥተሻል ተባለች። የዕቁብ ዕጣዋ ገና አልወጣላትም ነበር። ጸሐፊዋ እናቴ ነበረች። ዕጣው ሲደርስ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሐምሌ 2010 የሁለቱ አገር ስልክ ሲከፈት ደወለችላት። ተላቀሱ። ከዚያ እናቴ «ዕቁብሽ እኔ ጋ ነው» አለቻት። «በብር ነው በናቅፋ?» ብላ ሳቀች።

ባለ ተሳቢው፦ እኔን! ስንት ነበር ገንዘቡ?

የሰንጋ ተራዋ፦ ያኔ የቤት ዕቃ በሙሉ ይገዛ ነበር፣ ጋሼ። አሁን አንድ በግም አይገዛ።

የስድስት ኪሎው፦ በዜግነቱ አምኛለሁ። በወደቡ ግን ገና አልጨረስኩም፤ ነገ እመለስበታለሁ።