የትንሿ ወንበር እግሮች አስቸገሩኝ

ከፖሊመር ክሌይ (ኦቭን ውስጥ ሲጋገር ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ሊጥ) የአሻንጉሊት ቤት ዕቃዎች እሠራለሁ። ቁመታቸው ከእውነተኛው ዕቃ በ12 እጥፍ ያነሰ ነው። ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ አምረው ወጥተዋል። ወንበሩ ግን እንቢ አለኝ።

የእግሮቹ ርዝመት 35 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 4 ሚሊ ሜትር ነው። በ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ እጋግራለሁ። ሙቀቱን ኦቭን ውስጥ ባስቀመጥኩት ቴርሞሜትር አረጋግጫለሁ።

መጀመሪያ ወንበሩን ሙሉውን ሠርቼ፣ አቁሜ ጋገርኩት። ክሌይ ሳይጠነክር በፊት በሙቀቱ ስለሚለሰልስ እግሮቹ ከመቀመጫው ክብደት የተነሳ ተንሻፈፉ። ቀጥዬ በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከተትኩ። አልተጣመሙም፤ ግን ክሌዩ ከሽቦው ጋር አልተያያዘም፣ በርዝመቱ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ እግሮቹን ለብቻቸው አጋድሜ ጋገርኩና ከተጋገረው መቀመጫ ጋር በሱፐር ግሉ አጣበቅኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ትንሽ ሲነኩ ግን ይነቀላሉ። የመደገፊያውን ቅርጽ ለማውጣት ሁለት ምሽት ስለፈጀብኝ ወንበሩን መጣል አልፈልግም።

ፈሳሽ ክሌይና ትንሽ መሰርሰሪያ አለኝ። የተጋገሩትን እግሮች ከተጋገረው መቀመጫ ጋር እንዳይነቀሉ አድርጌ የማያይዛቸው እንዴት ነው?