የወረቀት ክንፍ ላይ የውሃ ቫርኒሽ፦ ረገበ፣ ተላቀቀ፣ ተጣመመ

የማራኪው፦
የሞዴል አውሮፕላኔ ክንፍ ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። አጽሙ ባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት)፣ ልባሱ በካሬ ሜትር 12 ግራም የሚመዝን የጃፓን ስስ ወረቀት (ሶፍት አይደለም!)። በነጭ ኮላ ተለጥፎ፣ ውሃ ተረጭቶበት እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። የዶፕ (የሞዴል ወረቀት መወጠሪያ ላክ) ሽታ ቤት ውስጥ ስለማይቻል በውሃ የሚቀጥን የፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ሳይበረዝ ላይኛው ፊት ላይ ተቀባ። ወረቀቱ ወዲያው ረገበ፣ ከኋላው ጠርዝ ተላቀቀ። ሲደርቅ ደግሞ የግራው ጫፍ የኋላ ጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ተጣመመ። ጥፋቱ የቫርኒሹ ነው ወይስ የአቀባቡ?

ጎድን ቆጣሪ፦
የአቀባቡ። ዶፕ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ወረቀቱንም አብሮ ይወጥራል። የውሃ ቫርኒሽ ቀዳዳ ከመድፈን በቀር ይህን አይሠራም፤ ስለዚህ ውጥረቱ ቀድሞ በርጭት ማለቅ አለበት። መርገቡ አያስደንግጥህ፤ ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። የጎዳህ አንዱን ፊት ብቻ መቀባትህና ክንፉን ሳታስር መተውህ ነው።

በስሪንጅ 5 ሚሊ ቫርኒሽ፣ 5 ሚሊ ውሃ ለካ። ለሁለቱም ፊት ይበቃል፤ ሙሉውን ቢጠጣ እንኳ ሲደርቅ የሚጨምረው 1.5 ግራም ገደማ ነው፤ ይህም የወረቀቱን ክብደት ያህል ነው። ያለህባት ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ክብደት ይጎዳል፤ ሌላ እጅ አትጨምር።

አትነቅንቀው፣ ቀስ ብለህ አማስለው። አረፋ ከገባበት ወረቀቱ ላይ ይፈነዳና የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ይተዋል። ለስላሳ የ2.5 ሳንቲ ብሩሽ ያዝ፤ ከጎድን (ከፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ጠርዝ ከሚሄደው የአጽሙ እንጨት) ወደ ጎድን አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው። ተመልሰህ ከፈተግክ እርጥቡ ወረቀት ይቀደዳል። ጎድኑ ሥር የተጠራቀመውን በደረቅ ብሩሽ ምጠጠው። ታችኛውን ፊት ወዲያው አስከትል፤ ከዚያ ከክንፉ ሥር 3 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጭ እንጨቶች አድርገህ ሰሌዳ ላይ በስፒል እሰረው። አየር ከታች ካልገባ አንዱ ፊት ቀድሞ ይደርቅና ይጎትተዋል። ሌሊቱን ይደር፤ የበጋ ፀሐይ ላይ ግን አታውጣው።

ስስ ወረቀት፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ኮላው ግን ተረሳ። ተራ ነጭ ኮላ ቢደርቅም ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ የተላቀቀብህም ለዚያ ነው። ውሃ የሚቋቋመውን የእንጨት ኮላ ተጠቀም፣ 24 ሰዓት ስጠው። ለተለጠፈው ደግሞ መጀመሪያ ጠርዙን ብቻ በቫርኒሽ ቀባና አድርቅ፤ መሐሉን ከዚያ በኋላ።

ለርጭቱም ከውሃ ይልቅ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል እመርጣለሁ። ውሃው ጥቂት ነው፣ ቶሎ ይተናል፤ ቀጭን ባልሳን አያጎብጥም። ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፣ ግሊሰሪን አለበት። ቀይ ወረቀት ከሆነ ቁራጩን ሞክር፤ ቀለሙ ይፈሳል።

የማራኪው፦
የተጣመመውስ?

ጎድን ቆጣሪ፦
እንፋሎት። ጀበና አይበቃም፣ ማንቆርቆሪያ ይፍላ። ጫፉን ከእንፋሎቱ 15 ሳንቲ አርቀህ ወደ ተቃራኒው ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፈህ ጠምዝዘው፤ እስኪበርድ አትልቀቀው። የሁለቱም ጫፎች የኋላ ጠርዞች እኩል 2 ሚሊ ወደ ላይ ቢቀሩ ግን ተዋቸው፣ ለመረጋጋት ይጠቅማሉ። አንዱ ብቻ ሲሆን ነው አውሮፕላኑ ወደዚያ ጎን የሚዞረው።